ያየሁትን የት አደረግኸው?

ስለ ጉዞ መጻሕፍታችን አንድ ነገር ለመጻፍ ካሰብኩ ሰንብቻለሁ። ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር ግን ከብላቴን ጌታ ኅሩይ በፊት ቆሼ እየመጣ ይደቀንብኛል። አንባቢ «ቆሼንና የጉዞ ሥነ ጽሑፍን ምን አገናኛቸው?» ቢል አልፈርድበትም። ቆሼ ከስሙ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ተጉዞ የሚያርፍበት እንጂ መንገደኛ የሚነሣበት ሥፍራ ሆኖ አይታወቅም። በዚያ በኩል በታክሲ የሚያልፍ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ የመጀመሪያ ጽሑፎቼን ለመሸጥ ስንከራተት፣ ኪራዩ ከኪሴ ጋር የተስማማልኝ እዚያ ነበርና አራት ዓመት ያህል ኖሬበታለሁ። ያከራዩኝ እናት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ቤይሩት አንድ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። ስለ ጉዞ ጽሑፍ ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት ከእሷ ነው፤ የተማርኩትም በድዬ ነው።

በቅድሚያ ወደ መጻሕፍቱ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው፣ ለስጦታ የሚሆኑ አንበሶች ሳይቀሩ አስጭነው፣ ኢየሩሳሌምንና ግብፅን አይተው ወደ አውሮፓ ሲዘልቁ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አብረው ነበሩ። «ደስታና ክብር» የተባለው መጽሐፋቸው የዚያ መንገድ ፍሬ ነው። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ መልእክተኛነት ወደ ጃፓን ተላኩና ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በዚያው ዓመት አሳተሙ።

እኔ ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ። በመጀመሪያው ጸሐፊው ከልዑሉ ጥላ ሥር አይወጡም፤ ማን ተቀበለ፣ ማን ሸኘ፣ ማን ምን ሸለመ የሚለው ይበዛል። በጃፓኑ ጉዞ ግን የልዑካኑ አለቃ ራሳቸው ናቸውና ዓይናቸው ነፃ ይወጣል። ያያሉ፣ ያዩትን በስሙ ይጠራሉ፣ ከአገራቸው ጋር ያስተያያሉ፣ ይደነቃሉ። መደነቃቸውን አይደብቁም፤ አንባቢው እንዲያዝንላቸውም አይለምኑም። አንድ የኢትዮጵያ ሚኒስትር በሰው አገር «ይህን አላውቅም ነበር» ለማለት ሳያፍር ማንበብ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ጉዞ የተቀጠለው ተስፋ አልሰመረም። ጃፓን ለኢትዮጵያ አርአያ ትሆናለች ብለው ያሰቡ ሰዎች በዘመኑ ጥቂት አልነበሩም፤ ጃፓን ግን በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ተቀበለች። ኅሩይም በስደት እንዳሉ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ አረፉ። ተስፋው ከሰረ፤ የዓይን ምስክርነቱ ግን ዛሬም ይነበባል።

ጉድለታቸው የእንግዳ ጉድለት ነው። የመንግሥት እንግዳ የሚገባው በፊት ለፊት በር ነው። የሚያየው ተጠርጎ፣ ተነጥፎ፣ ሰው ተሰልፎ የጠበቀውን ነው። ጓዳውን የሚያሳየው የለም፤ «አሳዩኝ» ማለትም ነውር ይሆንበታል።

ከኅሩይ በኋላ የሰው አገር በጽሑፋችን ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ውስጥ ወደ ኢጣልያ የተጓዙት ተማርከው ነው፤ ፖንዛና ሊፓሪ የተባሉትን ደሴቶች ያወቋቸው በእስረኛ ዓይን ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በቬኒስ ሲሸለም ብዙዎቻችን ኮርተናል። የፊልሙ ሰው አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እዚያም በዘረኞች እጅ ተጎድቶ፣ አካሉ ጎድሎ ወደ ገጠር እናቱ ቤት ይመለሳል። ስለ መመለስ ከተሠራልን ሁሉ ይህን ፊልም አስቀድመዋለሁ። ሆኖም ሁሉንም አሰልፈን ብናያቸው ሚኒስትር፣ አርበኛ ዲፕሎማት፣ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም ናቸው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከዚህ አገር በብዛት የወጣው መንገደኛ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በአንድ ሻንጣ፣ ወደ ሰው ማጀት የሚል ነው። የእሷ የጉዞ መጽሐፍ የታለ?

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ዜጎቻችንን ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ሲመለስ፣ መጽሔቶች ሁሉ የስደት ታሪክ ይፈልጉ ነበር። እኔም ታሪኩ ግቢዬ ውስጥ ቡና ያፈላልኝ ነበርና «ዕድሌ!» አልኩ። የአከራዬ ልጅ በዚያን ጊዜ ከተመለሰች ዓመት ሆኗታል። ሦስት ምሽት ተቀምጣ ነገረችኝ። ደብተሬን ሞላሁ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን ዓይነት ጽሑፍ ጻፍኩ። አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ድህነት ይቀድማል፣ ደላላ ይከተላል፣ ክፉ ማዳም ትመጣለች፣ እንባ ይፈስሳል፣ መጨረሻ ላይ የሚመለከተው ክፍል እንዲያስብበት ይጠየቃል። ስሞቹን ብትቀይር ለአሥር ልጅ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ሰው ወደደው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ አመስግኖኛል።

መጽሔቱን ይዤ ገባሁና ለእናትና ልጅ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ልጅቱ ግን ዝም ብላ ቆየችና፣

«ወንድሜ፣ ያለቀስኩትንማ እኔም አውቀዋለሁ። ያየሁትን የት አደረግኸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያየችው ደብተሬ ውስጥ ነበር። የጻፍኩት የቀረውን ነበር።

ምን ነበር ያየችው? በአምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ዓመት ኖራለች፤ በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። እኔ «የተቆለፈ በር» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። እሷ ግን ከተማውን ከወጥ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆና አንብባዋለች። ባሕሩ በሁለት ሕንፃ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይታይ ነበር፤ በእሱ ቀለም ነገ ልብስ ይደርቅ አይደርቅ እንደሆነ ታውቃለች። መብራት በየቀኑ በፈረቃ ሦስት ሰዓት ይጠፋ ነበር። ቤይሩት ከአዲስ አበባ በዚህ አለመብለጧ መጀመሪያ አስደንግጧት፣ ኋላ አስቋታል። መብራት ሲጠፋ የየሕንፃው ጄኔሬተር ይነሣል፤ ማን ሀብታም እንደሆነ የምትለየው ቀድሞ በሚነሣው ድምፅ ነው። ማዳሟ ከባሏ ጋር ስትጣላ የምታናግረው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ፈረንሳይኛ የጠብ ቋንቋ መሆኑን ተረዳች። ኅሩይ ቢሰሟት ኖሮ ይህን አይጥሉትም ነበር ብዬ አምናለሁ። የተጣለው በእኔ እጅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። ሁለቱ ልብስ እያሰጡ በማጀት ዓረብኛ ያወራሉ። ፊሊፒናዊቷ እሑድ ዕረፍት አላት፤ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ማታ የከተማውን ወሬ ይዛ ትመጣለች። የእኛዋ ዕረፍት አልነበራትም። ደመወዟ 150 ዶላር ነው። የአገሯ መንግሥት ለዚህ ሥራ ያወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ 400 ዶላር መሆኑን ፊሊፒናዊቷ በጣቷ አየር ላይ ጽፋ አሳየቻት። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ቅናት አልነበረባትም። ልክ ኅሩይ ስለ ጃፓን ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እንደሚያወሩት፣ «እንዲህም ይቻላል ለካ!» በሚል ድምፅ ነበር።

ነገሩ እውነት ነው። ፊሊፒንስ ያን ወለል የደነገገችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙ አሠሪዎች በተግባር ከዚያ በታች ይከፍሉ እንደነበርም የታወቀ ነው። ወረቀቱ ግን በነጻ አልተገኘም። በ1987 ዓ.ም. ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ስትቀጣ አገሩ ተናወጠ፤ ታሪኳ በዚያው ዓመት ፊልም ሆነ፤ በውጭ አገር ያሉ ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ። የእኛ መንግሥት በበኩሉ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድን ከለከለ፤ በ2010 ዓ.ም. መልሶ ፈቀደ። በመካከሉ የሄደው ሰው በጭለማ ሄደ። ወደ በረንዳው ልመለስ።

አንድ የዝናብ ቀን ፊሊፒናዊቷ ስለ ማኒላ አወራቻት። ከዋናው ከተማ አጠገብ ኬዞን ሲቲ የሚባል አለ፤ እዚያ ደግሞ ፓያታስ የሚባል የቆሻሻ ተራራ ነበር፤ ሰው ከሥሩ ቤት ሠርቶ፣ እሱኑ እየለቀመ ይኖር ነበር። ሐምሌ 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደና ቤቶቹን ዋጣቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛዋም «እኛም ቆሼ አለን፤ እናቴ እዚያ ናት» አለቻት። ፊሊፒናዊቷ አላመነችም። የቆሻሻ ተራራ ያላቸው እነሱ ብቻ ይመስላት ነበር። የእኛዋም እንደዚሁ ታስብ ነበር። ከዚያ ሁለቱ በአምስተኛ ፎቅ ላይ፣ እርጥብ ልብስ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው።

ይህን ሙሉውን ሰረዝኩት። ለምን? ሁለት የቤት ሠራተኞች ስለ ቆሻሻ ሲሳሳቁ ማሳየት የጽሑፉን ሐዘን ያበላሽብኛል ብዬ ነው። አርታኢው እንኳ አላየውም፤ በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ በዚያን ጊዜ ሠፈሩን ለቅቄ ነበር። የአከራዬ ቤት በወዲያኛው ጎን ስለነበር ተርፏል። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ልጅቱን ድንኳን ውስጥ ውኃ ስታድል አገኘኋት። አጠገቤ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ «ያቺ እንዲህ ብላኝ ነበር እኮ» አለች። ስም አልጠራችም። አልከሰሰችኝምም።

ጽሑፌ ያን ገጽ ይዞ ቢወጣ ክምሩን ያቆመው ነበር አልልም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከመረ ነገር በመጽሔት አይቆምም። ቆሻሻው ሌላ ቦታ እንዲሄድ ሰንዳፋ ላይ ማራገፊያ ተሠርቶ፣ የአካባቢው ገበሬ ተቃውሞ ሥራው ሲቆም ተመልሶ ወደዚያው ሲጫን ሁላችንም አይተናል። ሆኖም አንዲት መንገደኛ ከሄደችበት አገር አንድ ወሬ ይዛ መጣች፤ ወሬው ስለ እናቷ ቤት ነበር፤ የመዘገበው ሰው ግን እንባ ስላልነበረበት ጣለው። ከኅሩይ ጋር ያለኝ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ለአገር ይጠቅማል ያሉትን ሁሉ ከሰው አገር ለቃቅመው አምጥተዋል፤ ጃፓንን የጻፉትም ለዚሁ ነው። ልጅቱም ያደረገችው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ የፊት ለፊቱ በር ሳይሆን የጓዳው በር ስለ ደረሳት ነው። እኛ የስደት ጸሐፊዎች ነን የምንል ግን ከመንገደኛነቷ አውርደን ተጎጂ ብቻ አደረግናት። ተጎጂ አይደለችም ማለቴ አይደለም። በሩ ተቆልፎባታል፤ የሦስት ወር ደመወዟ እስከ ዛሬ አልተከፈላትም። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁንም ያሰራቸው ሰው ነበር፤ ማንም ስለ እሳቸው ሲጽፍ ዓይናቸውን አላወጣም።

ባለፈው ክረምት የጃፓኑን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ወደ ቆሼ ይዤ ሄድኩ። እናትየው አርጅተዋል፤ እሷ አሁን በሩ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። «የአንቺን ታሪክ እንደገና ልጻፈው» ስላት ራሷ ደብተር መጀመሯን ነገረችኝ፤ አላሳየችኝም። እንዳነብላት ግን ፈቀደች። ደንበኛ ሲመጣ እያቆምን፣ ሲሄድ እየቀጠልን ስለ መርከቡ፣ ስለ አቀባበሉ፣ ስለ ግብዣው አነበብኩላት። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ በእጇ አስቆመችኝ።

«ይህን ሁሉ እንግዳ ያበላው ማን ነው? ማለቴ፣ ማን ሠራው ምግቡን?»

ገጹን ገልብጬ ፈለግሁ። ወደ ኋላም ተመለስኩ። አላገኘሁም።

«ቀጥል እስቲ» አለችኝ።