የዱር መድኃኒት ተክሎች የአሰባሰብ መመሪያና የአፈሩ ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የመድኃኒት ተክሎች መልካም የግብርናና የአሰባሰብ መመሪያ በበጎ ሊታይ የሚገባው ሰነድ ነው። ተክሎች ከመንገድ ዳር፣ ከፍሳሽ ቦይ፣ ከማዕድን ማውጫ ዝቃጭ፣ ከቆሻሻ መጣያና መርዛማ ጭስ ከሚለቁ ፋብሪካዎች አጠገብ እንዳይለቀሙ ይከለክላል። ከብት ከሚሰማራበት መስክና ከዚያ በታች ካለው የወንዝ ዳርቻም መራቅ እንደሚገባ ያሳስባል።

ችግሩ የሚጀምረው መመሪያው ለማን ተጻፈ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ሰነዱ የሚያስበው ለፋብሪካ የሚለቅምና መዝገብ የሚይዝ ሰብሳቢን ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ከብት የማይረግጠው የወል መሬት ከየት ይገኛል? መተሬ ደግሞ ውኃ የሸሸበትን ዳርቻ የሚወድ ተክል ነው፤ ክልከላው በጥሬው ከተወሰደ መተሬ ጨርሶ ባልተለቀመ ነበር።

ከዚህ የከበደው የመጠን ገደቡ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው የጥራት መቆጣጠሪያ መጽሐፍ በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል ከ10 ሚሊ ግራም የበለጠ እርሳስ፣ ከ0.3 ሚሊ ግራም የበለጠ ካድሚየም እንዳይኖር ሐሳብ አቅርቧል። ቁጥሩ የሚለካው ተክሉን እንጂ የሚጠጣውን ሰው አይደለም። ኮሶ በወራት አንድ ጊዜ ይጠጣል። በየዕለቱ 5 ግራም ዱቄት የሚወስድ ሰው ግን ከገደቡ ሳያልፍ በቀን 50 ማይክሮ ግራም እርሳስ ይውጣል። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለእርሳስ አስቀምጦት የነበረውን ሳምንታዊ የመቻያ መጠን ጤናን ይጠብቃል ለማለት አይቻልም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ገደቡ እንግዲህ የቆመበት መሠረት ተነቅሏል።

«ታጥቦ ይጠጣ» የሚለው የተለመደ ምክርም ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ቅጠል ላይ ያረፈ የእርሳስ አቧራ በእጥበት ይቀንስ ይሆናል፤ ሥሩ ከአፈር የሳበው ካድሚየም ግን አይለቅም፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ወደ ተክሉ የሚገባው ይበዛል። በእርሳስ የተቀላቀለ የመኪና ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ገበያ ቢወጣም በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ የተከማቸው እርሳስ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል።

ሰነዱ ስለ ሐኪሙ ያለው ጥቂት ነው። በሕክምና ካርድ ላይ «የባህል መድኃኒት ወስዷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ጥያቄው በዚያው ያበቃል። ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና የሆድ ቁርጠት ይዞት የመጣ ሕመምተኛ፣ በተለይም ነፍሰ ጡር፣ ተክሉ ከየት እንደተለቀመና ለስንት ወር እንደተወሰደ ሊጠየቅ ይገባል።