ጨዋታው ውል አለው፤ ልጁስ?
በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራምና የስፖርት ስርጭት ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በንግድ ቴሌቪዥን የሚቀርቡ የልጆች ፕሮግራሞችና የስፖርት ስርጭቶች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይጠናሉ። የልጆቹን የትምህርትና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ የስፖርቱን ደግሞ የኢኮኖሚና የሕግ ሰዎች ይመረምሩታል። ሁለቱ ግን የሚሻሙት አንድ ነገር ነው፤ የቅዳሜና የእሑድ የአየር ሰዓት። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያርፈውም፣ ቡድን ሜዳ የሚገባውም በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። ይህ ዳሰሳ ሽሚያውን በአሜሪካ የንግድ ኔትወርኮች፣ በተለይም በኤንቢሲና በፎክስ ታሪክ ውስጥ ይከታተላል። የሚከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ስፖርት የልጆችን ሰዓት የወሰደው ብዙ ተመልካች ስላለው ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን የሚያስከብርለት ባለቤትና የተፈረመ ውል ስላለው ነው። የልጆች ፕሮግራም ግን ለረጅም ዘመን የኖረው በጣቢያዎች በጎ ፈቃድ ላይ ነው።

ስልሳ አምስት ሰከንድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1968 (ኅዳር 8 ቀን 1961 ዓ.ም.) እሑድ ነበር። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ሁለት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች፣ ኦክላንድ ሬይደርስና ኒውዮርክ ጄትስ፣ ይጫወታሉ። ኤንቢሲ ቡድኖቹ የሚወዳደሩበትን ሊግ ጨዋታዎች ከ1965 ጀምሮ ለ5 ዓመት ለማስተላለፍ 36 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋውሏል። ለዕለቱ ጨዋታ የተመደበው 3 ሰዓት ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በአልፕስ ተራሮች ከአያቷ ጋር ስለምትኖር ልጅ የሚተርከው «ሃይዲ» የተሰኘ ፊልም ይጀምራል። ሁለቱን የፊልም ሰዓታት የሰዓት አምራቹ ታይሜክስ በስፖንሰርነት ገዝቷቸዋል።

ጨዋታው በጥፋትና በጉዳት እየተቋረጠ ተራዘመ። ሊያልቅ 65 ሰከንድ ሲቀረው ጄትስ 32 ለ 29 ይመራ ነበር። የምሽቱ 1 ሰዓት ደረሰ፤ ተረኛው የስርጭት ኃላፊም አስቀድሞ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ወደ ፊልሙ አዞረ። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ያለው ተመልካች ያላየው ነገር የተከሰተው ከዚያ በኋላ ነው። ሬይደርስ በ9 ሰከንድ ልዩነት ሁለት ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሮ 43 ለ 32 አሸነፈ።

የኤንቢሲ አለቆች ጨዋታው እስኪያልቅ ፊልሙ ይዘግይ ብለው በመጨረሻው ሰዓት ተስማምተው ነበር። ውሳኔያቸው ግን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ አልደረሰም፤ የጣቢያው የስልክ መስመሮች ከሕዝብ በሚመጣ ጥሪ ተጨናንቀው ነበርና። ከደዋዮቹ ገሚሱ ጨዋታው እንዳይቋረጥ የሚማጸን ሲሆን፣ ገሚሱ ደግሞ የልጆቹ ፊልም በሰዓቱ ይጀምር እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። በአንድ የስልክ ማዞሪያ ላይ የተጋጩት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የንግድ ቴሌቪዥንን ተቃርኖ ጠቅልለው ያሳያሉ። ጣቢያው ለሁለቱም ወገን ቃል ገብቷል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የከፋው ስህተት ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ኤንቢሲ የጨዋታውን ውጤት በፊልሙ ላይ፣ በስክሪኑ ግርጌ በሚያልፍ ጽሑፍ አሳወቀ። ጽሑፉ የወጣው በፊልሙ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰው ክላራ ለመራመድ በምትሞክርበት ትዕይንት ላይ ነው። መላው ታሪክ ወደዚያች ቅጽበት ሲገሰግስ ቆይቷል። የስፖርት ወዳዱ በጽሑፉ ይበልጥ ተናደደ፤ ልጁም የፊልሙን ልብ የሚነካ ቦታ ተነጠቀ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «የልጆች ፊልም ጨዋታ ያቋረጠበት ቀን» ተብሎ ይነገራል። በጥሞና ሲታይ ግን በዚያው ምሽት ጨዋታውም ፊልሙን አቋርጧል።

የኤንቢሲ ፕሬዚዳንት ጁሊያን ጉድማን በይፋ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ስህተቱ የመጣው ፊልሙን ለሚጠብቁ ልጆች ከመጨነቅ መሆኑን አስረዱ። ለመቆጣጠሪያ ክፍሉም ከዋናው ማዞሪያ የተለየ የስልክ መስመር ተዘረጋለት። የሚበልጠው ለውጥ ግን የመጣው በወረቀት ላይ ነው። የፉትቦል የስርጭት ውሎች ጨዋታው በተጋጣሚዎቹ አካባቢ እስከ ፍጻሜው እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ ያዙ። ስፖርቱ ከአንድ ምሽት ኪሳራ ዘላቂ መብት አተረፈ። ልጆቹን የሚመለከት አንቀጽ ግን አልተጻፈም።

ሰባት ዓመት ቆይቶ

ልዩነቱ በ1975 በግልጽ ታየ። በኖቬምበር 23 ሬይደርስ ከዋሽንግተን ቡድን ጋር ተጫውቶ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ገባ። ከጨዋታው በኋላ ኤንቢሲ ሊያሳየው ያስተዋወቀው «ዊሊ ዎንካ እና የቸኮሌት ፋብሪካው» የተባለውን የልጆች ፊልም ነበር። በዚህ ጊዜ ማንም አልተደናገረም፤ ፊልሙ ጠበቀ። ስልክ የደወሉት አሁን ወላጆች ነበሩ። ጣቢያው ያው፣ ከተጋጣሚዎቹም አንዱ ያው፣ ግጭቱም ያው ሆኖ ሳለ ውሳኔው ተገለበጠ። የወላጆቹ ቅሬታ ግን እንደ 1968ቱ አዲስ የስልክ መስመር አላስዘረጋም፤ የውል አንቀጽም አላስቀየረም።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛው የሸቀጡ ጠባይ ነው። የንግድ ቴሌቪዥን የሚሸጠው የተመልካችን ዓይን ለማስታወቂያ አስነጋሪ ነው። የቀጥታ ጨዋታ ዋጋው በዚያችው ሰዓት ነው፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚያየው ጥቂት ነው። የልጆች ፊልም ግን ነገም ይታያል፤ ልጅ ደግሞ የወደደውን ደጋግሞ ያያል። ስለዚህ ጣቢያው አንዱን ማስጠበቅ ሲኖርበት መጠበቅ የሚችለውን ያስጠብቃል፤ የሚጠብቀው ሁልጊዜ ልጁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የተደራዳሪዎቹ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ የሊግ ቡድኖች የስርጭት መብታቸውን በአንድነት እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ይህም የተበታተኑ ክለቦችን ወደ አንድ ኃያል ሻጭ ለወጠ። ስለዚህ የስፖርቱ ጉልበት የገበያ ብቻ ውጤት አይደለም፤ ሕግ ያቆመው ነው። በልጆች በኩል የቆመው በ1968 በማሳቹሴትስ ግዛት ፔጊ ቻረንና ሌሎች እናቶች የመሠረቱት «አክሽን ፎር ችልድረንስ ቴሌቪዥን» የተባለ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ የሚሸጠው መብት አልነበረውም፤ መሣሪያው አቤቱታ ነበር። የእናቶቹ ትግል በልጆች ቴሌቪዥን ሕግ እስኪቋጭ 22 ዓመት ፈጀ።

ሕጉና ቀዳዳው

የ1990ው የልጆች ቴሌቪዥን ሕግ በልጆች ፕሮግራም ውስጥ የሚገባውን ማስታወቂያ በሰዓት ቅዳሜና እሑድ ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሥራ ቀናት ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1996 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሕጉን አጠናክሮ፣ ጣቢያዎች በሳምንት 3 ሰዓት ትምህርታዊ የልጆች ፕሮግራም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲያሳዩ የሚጠይቅ መመዘኛ አወጣ። ልጁ መብቱን የሚጠቅስበት ወረቀት ያገኘው ያኔ ነው።

ወረቀቱ ግን ከሊጉ ውል ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነበር። የጊዜ ሰቅን ጉዳይ እንይ። በምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ቀን ላይ የሚጀምር የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ በምዕራቡ ጠረፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የሎስ አንጀለስ ወይም የሲያትል ልጅ ቅዳሜ ጠዋት የለመደውን ፕሮግራም ለማየት ሲቀመጥ የሚያገኘው ጨዋታ ነው። ደንቡ ይህን አልከለከለም፤ የተፈናቀለው ፕሮግራም በሌላ ሰዓት እንዲታይና ለውጡ እንዲነገር ብቻ ጠየቀ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ግን የፕሮግራም ለውጥ ማስታወቂያ አይከታተልም። ለሕፃን ፕሮግራም ማለት የለመደው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲወሰድበት ፕሮግራሙ ጠፋ ማለት ነው። ሊጉ በውሉ ያስከበረው ሰዓቱን ነው፤ ልጁ በሕግ የተሰጠው ድምር ደቂቃ ነው። በ2019 ደግሞ ኮሚሽኑ ደንቡን አላልቶ የልጆች ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲጀምር ፈቀደ።

የፎክስ ታሪክ ይህን በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያሳየናል። ፎክስ በ1990 «ፎክስ ኪድስ»ን ጀምሮ «ባትማን»፣ «ኤክስ-ሜን» እና «ፓወር ሬንጀርስ»ን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የአንድ ትውልድን ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜ ጠዋት ያዘ። በ1993 መጨረሻ ላይ ደግሞ የፉትቦል መብትን ለ4 ዓመት በ1.58 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ከሲቢኤስ ነጠቀ። አዲሱን ኔትወርክ ከትልልቆቹ ተርታ ያሰለፈው ይህ ግዢ ነው። የሁለቱ ዕጣ ከዚያ በኋላ ተለያየ። የልጆቹ ሥራ በ2001 ለዲዝኒ ከተሸጠው የፎክስ ፋሚሊ ኩባንያ ጋር ሄደ፤ የቅዳሜው ሰዓት በ2002 ለሌላ ኩባንያ ተከራየ፤ በ2008 መጨረሻ ያም አክትሞ ቦታውን ረጃጅም የዕቃ ማሻሻጫ ማስታወቂያዎች ወሰዱት። ፉትቦሉ ግን ውሉን እያደሰ እስከ ዛሬ አለ። በ2014 ሲደብሊው የተባለው ኔትወርክ የመጨረሻውን የቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ሰዓት ሲዘጋ፣ በንግድ ኔትወርኮች ላይ የዚያ ልማድ ዘመን አበቃ። በአንጻሩ የተመልካች ብዛት በሚለካው በኒልሰን ቆጠራ መሠረት በ2023 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በብዛት ከታዩት 100 ስርጭቶች 93ቱ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ ጨዋታዎች ነበሩ።

ልጁ ራሱ ሄዷል የሚለው መከራከሪያ

ልጆችን ማንም አላባረራቸውም፤ ወደ ኬብል ቻናሎች ሄደዋል የሚሉ አሉ። መከራከሪያው ክብደት አለው። ኒክሎዲየን በአፕሪል፣ ኢኤስፒኤን በሴፕቴምበር 1979 ስርጭት ሲጀምሩ ልጅም ስፖርትም የየራሳቸው ቻናል አገኙ። ይሁን እንጂ ስፖርቱ ኬብሉን ይዞ የነጻውን አየርም አልለቀቀም፤ ከሁለቱ አንዱን የለቀቀው ልጁ ብቻ ነው። ኬብል ደግሞ በክፍያ የሚገኝ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የማይችል ቤተሰብ ልጅ በአንቴና የሚያየው የሕዝብ ሀብት በሆነው ሞገድ ላይ ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩትን ጣቢያዎች ነው። ሕጉ የወጣውም ለዚህ ልጅ ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተዋል። በጃንዋሪ 10 ቀን 2021 ኒክሎዲየን የኒውኦርሊየንስ ሴንትስንና የቺካጎ ቤርስን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለልጆች በሚሆን መልኩ አስተላለፈ። ተችዳውን ሲቆጠር ከሜዳው ጫፍ በኮምፒውተር የተሠራ አረንጓዴ ዝልግልግ ይረጫል፤ ሕጎቹም በልጅ ቋንቋ ይብራራሉ። ሥራው ብልሃት የተሞላበት ነው፤ አባትና ልጅን አንድ ሶፋ ላይ ማስቀመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ጥያቄው መነሳት አለበት። በዚህ ስርጭት ልጁ የተጋበዘው ወደ ጨዋታው ነው፤ ሊጉ የነገ ደንበኛውን ያሳድጋል። የልጁ የራሱ ታሪክ፣ በራሱ ፍጥነትና በራሱ ሰዓት የሚነገረው፣ ቦታው አልተመለሰለትም።

ለእኛ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ የልጆችን ሰዓት የያዙት በመንግሥት ቴሌቪዥን ላይ ነው። ዛሬ የግል ጣቢያዎች በዝተዋል፤ ኑሯቸውም ማስታወቂያ ነው። የፕሪሚየር ሊጋችንም ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የቀጥታ ስርጭት መብቱን ለዲኤስቲቪ ሸጦ የውሉን ዓለም ተቀላቅሏል። ይህ ለእግር ኳሳችን መልካም ነው። ነገር ግን አንደኛው ወገን ውል ሲይዝ ሌላኛው ባዶ እጁን ከቀረ ምን እንደሚከተል የኤንቢሲና የፎክስ መንገድ ይነግረናል።

የስርጭት ፈቃድ የሚሰጡና ደንብ የሚያረቁ ሰዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አንድ ነው። ለልጆች በሳምንት ይህን ያህል ደቂቃ ብሎ መደንገግ አይበቃም፤ የተወሰነ ቀንና ሰዓት ተለይቶ፣ ጨዋታ ቢራዘምም ሆነ ልዩ ዝግጅት ቢመጣ እንዳይነካ በፈቃዱ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል። ሊጉ ጠበቃ ያቆማል፣ ስፖንሰሩ ገንዘቡን ይቆጥራል። ለልጁ የሚፈርምለት ሕዝብ ነው፤ በሕዝብ ስም የሚፈርሙትም እነሱ ናቸው።