ለአንድ ፊርማ 140 ኪሎ ሜትር

እኔ የምለው፣ መንግሥት መኪና ሲገዛ የጎማውን ቁጥር ሳይቀር ይነግረንና፣ መኪናዋ ማን ደጅ እንደምትቆም ለመናገር ለምንድነው የሚሰስተው?

ይህን ያስባለኝ ሰሞኑን ያነበብኩት የግዢ ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች አንዲት የገጠር ካውንቲ (እኛ «ዞን» ብንላት ያስኬዳል) ለፕሮቤሽን መሥሪያ ቤቷ እየተዘዋወረ የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ ቢሮ ልትገዛ አስባለች። ወረቀቱ ያልዘረዘረው ዕቃ የለም። ሁለት ጠረጴዛ፣ በሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት፣ ጄኔሬተር፣ በጎን የሚዘረጋ የፀሐይ መከላከያ፣ የአካል ጉዳተኛ ወንበር ማንሻ… ባገላብጥ ባገላብጥ ግን መኪናዋ በየትኛው ቀን የትኛው መንደር እንደምትገኝ የሚናገር አንድ መስመር አጣሁ።

ፕሮቤሽን ማለት በእኛ ሕግ «ገደብ» የምንለው ዓይነት ነው። ከአመክሮ ጋር እንዳታምታቱብኝ። አመክሮ እስረኛው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ በኋላ ጠባዩ ታይቶ የሚፈታበት ነው። ገደብ ደግሞ ጥፋተኛ የተባለው ሰው በወህኒ ፈንታ «ቤትህ ሁን፣ ሥራህን ሥራ፣ ግን እነዚህን ግዴታዎች አክብር» ተብሎ የሚፈተንበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ቁጥጥር ሥር ነበር። ከግዴታዎቹ አንዱ በቀጠሮ ቀን ተቆጣጣሪው ዘንድ ቀርቦ መታየት ነው። መቅረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሰው ሌላ ወንጀል ሳይሠራ ቀጠሮ በማሳለፉ ብቻ ወህኒ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ አለ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እዚያ ያለ ያገራችን ልጅ መቼም ብዙው መሪ ላይ ነው። የሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ ሲያንገበግበው በረሃ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ገባ። በአንድ ክፉ ቀን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተጣላ፣ እጁን ሰነዘረ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደበትና በገደብ ወጣ። ጥፋት አይደለም አልልም፤ እሱም አላለም። ነገር ግን ኩባንያው አሰናበተው፤ ያለችውም አሮጌ መኪና ሞተሯ ተበላሽቶ ቆመች። የፕሮቤሽን ቢሮው ያለው ደግሞ የካውንቲዋ ዋና ከተማ ነው። ደርሶ መልስ 140 ኪሎ ሜትር! አውቶቡስ? በሳምንት ሁለት ቀን፤ እሱም ጠዋት ይወስድሃል እንጂ ማታ አይመልስህም።

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ዕረፍት ስለነበረኝ፣ በዋዜማው እሱ ጋ እያደርኩ ሁለት ጊዜ ይዤው ሄጃለሁ። አንደኛውን ቀን በሰዓቴ ያዝኩት። ገብቶ እስኪወጣ አሥራ አንድ ደቂቃ። አድራሻ ቀይረሃል? አልቀየርኩም። ሥራ አገኘህ? አላገኘሁም። እዚህ ጋ ፈርም። በቃ!

በሦስተኛው ወር እኔ ሥራ ያዘኝና እሱ ቀረ። ደውሎ መልእክት ትቶ ነበር። መልሱ ደብዳቤ ሆኖ መጣ፤ ዳኛ ፊት ቅረብ የሚል። «ጋሼ፣ ሰው በመታሁ ቀን ያልፈራሁትን መኪና ባጣሁ ቀን ፈራሁ» አለኝ። ደግነቱ ዳኛዋ ሰምታ አለፈችው። ሌላ ዳኛ ቢሆንስ?

ርቀቱን ያጋነንኩ ለሚመስላችሁ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ኢንዮ የምትባል ሌላ ካውንቲ አለች። ስፋቷ 26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከጅቡቲ ትበልጣለች። ነዋሪዋ ግን 19 ሺህ ያህል ብቻ ነው። «የሞት ሸለቆ» የሚባለው በረሃም አብዛኛው ክፍሉ እዚያ ነው። እንዲህ ባለ አገር «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቅረብ» ማለት መኪና ላለው ቀጠሮ፣ ለሌለው ቅጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በገደብ ያለ ሰው መቀጫውን ያልከፈለው አቅም አጥቶ መሆን አለመሆኑ ሳይጣራ ገደቡ ተነስቶ ሊታሰር አይገባም ብሏል። ታዲያ የመኪና ማጣት ከገንዘብ ማጣት በምን ይለያል?

ስለዚህ ሐሳቡን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። የካሊፎርኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 በጀቱ ለእንዲህ ዓይነት ተንቀሳቃሽ የፕሮቤሽን ማዕከሎች 20 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ ቤት የሌላቸውና መጓጓዣ የቸገራቸው ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ብሎ ነው። ደግ አደረገ። እኔን የሚያሳስበኝ ከግዢው በኋላ ያለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋ ፊርማ ልትሰበስብ ከሆነ ባትገዛ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ቢሮ ሲያዘጋ ብዙ የፕሮቤሽን መሥሪያ ቤቶች ሰዎቻቸውን በስልክና በቪዲዮ ሲያነጋግሩ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ለስልክ አያንስም። መኪና የሚያስፈልገው ስልክ ለማይሠራው ሥራ ነው። የጠፋ መታወቂያ የሚያወጣ፣ የሥራ ማመልከቻ የሚያስሞላ፣ ሱስ ያለበትን ከሕክምና የሚያገናኝ ሰው ይዛ ትምጣ።

ሁለተኛ፣ በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። በጎኗ በትልቁ «ፕሮቤሽን» የተጻፈባት መኪና ገበያው መሐል ብትቆም ማን ደፍሮ ይሳፈርባታል? ሰውየው ሥራ ይቀጥረኛል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ባለሱቅ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እያየው!

ሦስተኛ፣ እኛ አገር የምናውቀው በሽታ እዚያ እንደማይዛመት ማን ዋስ ይሆናል? ለመስክ ሥራ የተገዛ ፒክአፕ ሙሽራ ሲያጅብ፣ የአለቃ ልጆችን ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ያላየ አለ? ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ሁሉም ይገኛል። ነዳጅ የሚሞላበት፣ ሾፌር የሚቀጠርበት ቀን ግን በጀቱ አልቋል። (ሾፌር ከጠፋ፣ ከባድ መኪና አሳምሮ የሚነዳ ሥራ ፈላጊ እኔ አውቃለሁ።)

ይህ ሁሉ የተጀመረው እኮ ያለ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ቦስተን ውስጥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በስካር ተከሶ ወህኒ ሊወርድ የነበረን ምስኪን በዋስ ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዞት ሲመለስ ሰውየው መጠጥ ትቶ፣ መልኩም ተለውጦ ስለነበር ዳኛው ከኪሳራው ሌላ አንድ ሳንቲም ብቻ ቀጥቶ አሰናበተው። ኦገስተስ እ.ኤ.አ. በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው በዋስ አስለቅቋል። ማሳቹሴትስ ፕሮቤሽንን በሕግ ያወጣችው እሱ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ጫማ ሠሪው ወደ ሰዎቹ ሄደ። በኋላ የመጣው መሥሪያ ቤት ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እናንተ ኑ» አለ። መኪናዋ እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልማድ መመለሻ ልትሆን ትችላለች፤ ከተጠቀሙባት።

በበኩሌ ያን የግዢ ወረቀት ለሚያጸድቁት ሰዎች አንዲት ልመና አለችኝ። ከጄኔሬተሩና ከፀሐይ መከላከያው በታች የመንደሮቹን ስምና መኪናዋ የምትደርስበትን ቀን ጻፉልን። ቀጥላችሁም ይህችን ጨምሩ፦ በተባለው ቀን መኪናዋ ካልመጣች፣ ቀሪ ተብላ የምትመዘገበው መኪናዋ ናት።