“ተመጣጣኝ” ቤት ለማን? ስለ ዋሺንግተኑ የቤት ገንዘብና ስለ እኛ ዝምታ

በዋሺንግተን ዲሲ “ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው መኖሪያ ቤት” የሚለውን ሐረግ በአፉ የማያመላልስ ፖለቲከኛ የለም። ነገሩ በወሬ ብቻ የቀረም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሕግ የተቋቋመው የከተማዋ የቤቶች ግንባታ ፈንድ፣ በ2002 በወጣው ሕግ ከንብረት ምዝገባና ስም ማዛወሪያ ግብር 15 ከመቶ እንዲገባለት ተደርጓል። ከ2015 ወዲህም ለበርካታ ዓመታት በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመደብለት ቆይቷል። ገንዘቡ በእርዳታ ወይም በአነስተኛ ወለድ ብድር ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶችና ለቤት ሠሪዎች ይሰጣል። እንግዲህ ጥያቄው “ገንዘብ አለ ወይ?” አይደለም። ጥያቄው “በማን ስም ወጥቶ ማንን አስጠለለ?” ነው።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ መለኪያውን መመርመር ያሻል። “ዝቅተኛ ገቢ” የሚባለው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ አንጻር ተሰልቶ ነው። የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር በየዓመቱ የሚያወጣው ዲሲን ለብቻዋ ወስዶ ሳይሆን፣ በአገሪቱ ከናጠጡት ሀብታሞች የሚቆጠሩትን የፌርፋክስንና የሞንጎመሪን ካውንቲዎች ጭምር አንድ ላይ ደምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አራት አባላት ላሉት ቤተሰብ የወጣው ቁጥር 154,700 ዶላር ነበር። የዚህ 60 ከመቶ 92,820 ዶላር ይሆናል። ቤተሰቡ ከገቢው 30 ከመቶውን ለኪራይ ይክፈል በሚለው ደንብ ስናሰላው፣ “ተመጣጣኝ” የተባለው ኪራይ በወር 2,320 ዶላር ገደማ ይደርሳል።

አሁን ወደ እኛ ሰው እንምጣ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.50 ዶላር ነበር። በዚህ ክፍያ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ አባወራ 36,400 ዶላር ያገኛል። በዚያው ደንብ ሊከፍል የሚችለው በወር 910 ዶላር ነው። ባለቤቱም ሙሉ ሰዓት ብትሠራና ገቢያቸው 72,800 ቢደርስ እንኳ፣ ያ “ተመጣጣኝ” ኪራይ ከገቢያቸው 38 ከመቶውን ይወስዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ድርጅቶቹ ስለምን 60 ከመቶ ላይ ይሠራሉ? ክፋት አይደለም። ዋናው የግንባታ ገንዘብ ምንጭ የሆነው የ1986ቱ የፌዴራል የግብር ቅናሽ በአመዛኙ ለዚያ የገቢ እርከን የተበጀ ነው። የድኻ ኪራይ ደግሞ የሕንፃውን ማሞቂያ፣ ኢንሹራንስና ጥገና አይሸፍንም። ጉድለቱን በየዓመቱ የሚሞላ የኪራይ ድጎማ ካልተጨመረበት ሕንፃው ይከስራል። ሕጉ ከፈንዱ ግማሹ ከመካከለኛው ገቢ 30 ከመቶና ከዚያ በታች ለሚያገኙት እንዲውል ሲያዝ ቆይቷል። የከተማዋ ኢንስፔክተር ጄኔራል ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከተማዋ ይህን ግዴታዋን እንዳልተወጣች አጋልጧል። መከራከሪያው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ድጎማውን ከግንባታው ጋር አብሮ መመደብ እንጂ የድኻውን ድርሻ ከፍ ላለው ማስተላለፍ አይደለም።

ሁለተኛው እንከን ገንዘቡ የሚቆጥረው ነገር ነው። ሪባን ሲቆረጥ የሚቆጠረው የቤት ብዛት ነው፤ ከቤቱ እንዳይፈናቀል የተረዳ ቤተሰብ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም። ዲሲ ከ1980 ጀምሮ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ሕግ አላት፤ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮቹ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። እርግጥ ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ቤቶች በ2018 ከሕጉ ወጥተዋል፤ በ2025ም ምክር ቤቱ ይበልጥ አጥብቦታል። ሕጉ ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው ይዘቱ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ሕንፃ ተከራዮች ተደራጅተው ፍላጎታቸውን ለማሳወቅ 45 ቀን፣ ለመደራደር 120 ቀን ይሰጣቸዋል። በ45 ቀን ውስጥ ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ በአራት ቋንቋ የሚነጋገሩ ጎረቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ጠበቃ፣ አደራጅና አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ለዚህ ምስክሩ በቻይናታውን አጠገብ ያለው ሙዚየም ስኩዌር ነው። ባለቤቱ በ2014 ለተከራዮቹ ያቀረበው ዋጋ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብዙዎቹ ቻይናውያን አረጋውያን የሆኑት ተከራዮች በጠበቆችና በአደራጆች ታግዘው ተሟገቱ፤ ፍርድ ቤቱም አቅርቦቱ ሕጉ የሚጠይቀው እውነተኛ የሽያጭ አቅርቦት አይደለም አለ። እነዚያን አረጋውያን ያቆማቸው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን ሰው ነው። ለጡብ የሚሰጥ እርዳታ ሞልቶ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንጂ የግል አከራይን አይደለም። የሽያጭ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ በር ሥር ሲገባ ማን ያነብለታል? ዕድሮቻችን ወንድማቸው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለማድረስ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ያሰባስባሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ያው ወንድም በቁሙ ከቤቱ ሲወጣ ግን የሚሰበሰብ የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር መጠየቅ እንችላለን። አንደኛ፣ ከተማዋ ከፈንዱ ግማሹ በእርግጥ ለድኻው መዋሉን በየዓመቱ በቁጥር ታሳውቅ። ሁለተኛ፣ ከግንባታው በጀት ጋር ለጠበቃ፣ ለአደራጅና ለአስተርጓሚ የተለየ ድርሻ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናቶቻችን፣ መስጊዶቻችንም፣ በየሕንፃው የማስታወቂያውን ቀን የሚቆጥር አንድ ሰው ይመድቡ። ሦስተኛው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከነገ ሊጀመር ይችላል።

ቸር ይግጠመን።