የሃንጋሪ የዋተር ፖሎ ቡድን ገድል

ዋተር ፖሎ፣ ማለትም በረኛውን ጨምሮ ሰባት ሰባት ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች የገንዳውን ወለል ሳይረግጡ እየዋኙ ኳስን በእጅ ወደ ጎል የሚወረውሩበት አድካሚ ስፖርት፣ በኦሊምፒክ መድረክ ከሃንጋሪ የወንዶች ብሔራዊ ቡድን የላቀ ባለታሪክ የለውም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1980 በተካሄዱት 12 ኦሊምፒኮች ሁሉ ሜዳሊያ ማግኘቱ ብቻውን የሚያስደንቅ ሲሆን፣ ከ2000 እስከ 2008 ወርቁን ሦስት ጊዜ አከታትሎ በመውሰድ የወርቆቹን ብዛት ወደ 9 ከፍ አድርጓል። ከሁሉም በላይ ክብር የሚገባው ግን የ1956ቱ የሜልቦርን ድል ነው፤ የሶቪየት ጦር የሃንጋሪን ሕዝባዊ ዐመፅ በደም ካፈነ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ተጫዋቾቹ የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 4 ለ 0 ረቱ፤ የሃንጋሪው ተጫዋች ኤርቪን ዛዶርም በተጋጣሚው ተመትቶ ፊቱ እየደማ ከገንዳው ወጣ። ሃንጋሪም ወርቁን ወሰደች።