አምባ ገነኑን የከሰሰው ሣቅ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ የለም። የሲኒማ ሠሪዎች ግን ከንጉሥ የከፋውን አምባ ገነን እንኳ በሣቅ አደባባይ አቁመው ከሰውታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ክሶች ሁለቱን መርምሮ፥ የትኛው ሣቅ ፍርድ፥ የትኛውስ ምሕረት እንደ ሆነ ለመለየት ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባ ገነን» የተባለውን ፊልም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በዚህ ፊልም ሂትለር ሂንክል፥ ሙሶሊኒ ደግሞ ናፓሎኒ ተብለው ይታያሉ። ቻፕሊን ራሱ ሂንክልንም፥ በሂንክል የሚሳደደውን አይሁዳዊ ጠጉር አስተካካይም ሆኖ ይጫወታል። ሂንክል የዓለምን ሉል እንደ ፊኛ እያነጠረ ሲጨፍር እንሥቃለን፤ ነገር ግን የጠጉር አስተካካዩ ሱቅ ሲቃጠል አይተናልና ሂንክል በሣቃችን አያመልጥም።

ወደ ናፓሎኒ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱ ጌቶች በጠጉር መስተካከያ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ እኔ ልብለጥ እኔ ልብለጥ በማለት ወንበራቸውን ወደ ጣራው ያወጡታል። ኋላም ምግባቸው ላይ የፈሰሰው ሰናፍጭ ሲያንቃቸው ተመልካቹ በሣቅ ይፈነዳል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በወታደሩና በገበሬው ላይ ያፈሰሱት መርዝ የሰናፍጭ ጋዝ ይባል እንደ ነበረ ያስታውሳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውንም ጭፍጨፋ አይረሳም። በናፓሎኒ አጠገብ ከነዚያ ሰዎች አንድም አይታይም። ስለዚህ ናፓሎኒ ሆዳምና ጉረኛ፥ ሆኖም የማይጠላ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ በጀርመን የእስረኞች ሰፈሮች የተሠራውን ግፍ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ገልጿል። ይህ ቅንነት ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ጉዳይ የተሰወረ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ መርዙ ጋዝ ተናግረዋል።

ሁለተኛው ፊልም አርማንዶ ያኑቺ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «የስታሊን ሞት» ነው። እዚህ የሚያሥቀን አምባ ገነኑ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ፍርሃት ነው። ስታሊን ሲወድቅ ጠባቂዎቹ ድምፁን ይሰማሉ፤ ገብቶ ለማየት ግን ይፈራሉ። ሐኪም ይጠራ ሲባል ጥሩዎቹ ሐኪሞች ወይ ታስረዋል ወይ ሞተዋል። ሹማምቱ ሥልጣን ሲከፋፈሉ በሌላ ስፍራ እስረኞች በተራ ይረሸናሉ፤ አቁሙ የሚል ትእዛዝ ሲደርስ አንዱ ሞቶ ቀጥሎ የቆመው ይተርፋል። በዚህ ጊዜ ሣቃችን በጉሮሯችን ይቀራል።

ፊልሙ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ቤሪያ የተገደለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1953፥ ከስታሊን ሞት ወራት በኋላ ሲሆን፥ ፊልሙ ግን የጥቂት ቀናት ነገር ያስመስለዋል። ሆኖም የሩሲያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የማሳያ ፈቃዱን መሰረዙ፥ ክሱ ከስድሳ ዓመታት በኋላም እንደሚያም ያስረዳል።

እንግዲህ በበኩሌ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፤ አምባ ገነኑን አሣቂ ማድረግ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። አስቸጋሪው በሣቁ መካከል የተበደለውን ሰው ከመጋረጃው ፊት ማቆየት ነው። ከእኛም መካከል ስለ ሥልጣን ቀልድ ለመጻፍ የሚነሣ ቢኖር፥ ናፓሎኒን አይቶ ይጠንቀቅ።