ማን ይግደላቸው?

«ዘ ሌዲኪለርስ» የተሰኘው የእንግሊዝ ፊልም ከኢሊንግ ስቱዲዮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። አዘጋጁ አሌክሳንደር ማኬንድሪክ፣ ደራሲው ዊሊያም ሮዝ ነው። ርእሱ ገና ከደጃፉ ተርጓሚን ይፈትናል። በእንግሊዝኛ ሴቶችን የሚያማልል ወንድ ማለትም ነው፤ ሴት ወይዘሮ ለመግደል የተነሡ ሰዎች ማለትም ነው። «ሴት ገዳዮች» ቢባል ሴቶቹ ገዳዮች ይሁኑ ሟቾች አይለይም፤ ቀልዱም ከመንገድ ይቀራል።

ፕሮፌሰር ማርከስ (አሌክ ጊነስ) በለንደን፣ በኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ፣ በአንዲት የዘመመች ቤት ከወይዘሮ ዊልበርፎርስ ዘንድ ይከራያል። አራት ግብረ አበሮቹን አስከትሎ የሙዚቃ ጓድ ነን ይላል። ሸክላ ከፍተው የቦኬሪኒን ሚኑዌት የሚጫወቱ እየመሰሉ 60,000 ፓውንድ ለመዝረፍ ይመክራሉ። ገንዘቡን ከጣቢያው የሚያመጡላቸውም ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው፤ የተከራያቸውን ሣጥን ያደረሱ መስሏቸው! ምስጢሩ ሲፈነዳ አሮጊቷን ለመግደል በክብሪት እንጨት ዕጣ ይጣጣላሉ።

ይህን ፊልም እዚህ ቶንፒንግ ለጥቂት ወዳጆቼ በቃል እየተረጎምሁ አሳይቻለሁ። (የጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን ስለ ሆነ፣ በፊልሙ ውስጥ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ንግግር መቋረጡ ለማንም እንግዳ አልሆነም።) እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ «ዩ» ይጠራል። አማርኛ ግን ዝም አያሰኝም፤ ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ወንበዴ አፍ ይመርጣል። ለሻለቃውና ለፕሮፌሰሩ «እሳቸው» ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። አሮጊቶችን አምርሮ የሚጠላው ሉዊስ (ኸርበርት ሎም) «እሷ» ይላል። ቡጢኛ የነበረው ዋን ራውንድ ደግሞ ስማቸውን እንኳ በቅጡ ያልያዘ ጅል ነው፤ እርሱን «እማማ» አስባልሁት። ዕጣው ቀርቦ «ማን ይግደላቸው?» ስል ቤቱ በሣቅ ተናጋ። በአክብሮት ግሥ ሰው መግደል አይቻልማ! ሻለቃው ዕጣው ሲወጣበት ገንዘቡን ይዞ በጣሪያ ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ዋን ራውንድም መጨረሻ ላይ ጠበቃቸው ይሆናል። በእንግሊዝኛው ይህ ሁሉ በተዋናዮቹ ድምፅና በባርኔታቸው አነሣሥ የሚነገር ነው። አማርኛው በግሡ ቀድሞ ያወጣዋል፤ በዚህ ረገድ ትርጉሙ ከምንጩ ይበልጥ ይናገራል ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

ጁባ ላይ የሚመዝን ሌላም ነገር አለ። ከወይዘሮዋ በቀቀኖች አንዱ «ጄኔራል ጎርደን» ይባላል። ለ1955 ለንደናዊ ጎርደን በ1885 ካርቱም ላይ የወደቀ ሰማዕት ነው። ለእኛ ግን ከ1874 እስከ 1876 የዚህችው የኢኳቶሪያ ገዥ ነው፤ መቀመጫውንም ከጎንዶኮሮ ወደ ላዶ ያዛወረ። በ1879 ደግሞ የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ባዶ እጁን ተመልሷል። ያ ስም እዚህ መድኃኒት አልውጥ ብሎ የሚያመልጥ ወፍ ላይ ቀርቷል። የወይዘሮዋ 21ኛ የልደት በዓል የተቋረጠው በንግሥት ቪክቶሪያ ሞት መሆኑን ስንሰማ፣ የዘመመችው ቤት የማን ቤት እንደ ሆነች ይገባናል። ፊልሙን «ለስላሳ ቀልድ» የሚሉት ይህን መርፌ አላዩትም።

እንከን አላጣሁበትም። ዘራፊዎቹ እርስ በርስ የሚተላለቁበት የመጨረሻ ክፍል ይቸኩላል፤ ሬሳው ተራ በተራ ወደ ባቡር ፉርጎ ሲወረወር ቁጥሩን አስቀድመን እናውቀዋለን። የኮኤን ወንድማማቾች በ2004 ታሪኩን ወደ ሚሲሲፒ ወስደው ዳግም ሠርተውታል፤ ጨዋነቱ በጩኸት ስለ ተተካ ሣቁ ሳስቷል። የ1955ቱን ያቆመችው፣ የእንግሊዝ ፊልም አካዳሚን ሽልማት በሰባዎቹ ዕድሜዋ ያገኘችው ኬቲ ጆንሰን ናት።

ለትርጉም ከሁሉ የከበደኝ ፍጻሜው ነው። ወይዘሮዋ ገንዘቡ እቤታቸው መሆኑን ለፖሊስ ሊያስታውቁ ይሄዳሉ፤ ሹሙ አያምናቸውም፤ ይያዙት ይላቸዋል። ቃሉ ትሑት ነው፣ «እሜቴ፣ እርስዎ ዘንድ ይቆይ» ከማለት ሌላ አይወጣውም። ፕሮፌሰሩም ሲያታልላቸው የቆየው በዚሁ ግሥ ነበር።